ለአውቶክሮስ የስፖርት መኪና የጎማና የቸርኬ ልክ አመራረጥ

አውቶክሮስ በሰፊ የአስፋልት ሜዳ ላይ፣ በኮኖች በተከለለ ጠመዝማዛ መስመር ውስጥ፣ እያንዳንዱ መኪና ብቻውን ከሰዓት ጋር የሚሽቀዳደምበት የመኪና ስፖርት ነው። አንዱ ዙር ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ አካባቢ ይፈጃል፤ መኪናው አብዛኛውን መስመር የሚጨርሰው በሁለተኛ ማርሽ ነው፤ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድም የለም ማለት ይቻላል። አሽከርካሪው ከአንዱ መታጠፊያ ገና ሳይወጣ ለሚቀጥለው መዘጋጀት ስላለበት የመኪናው ክብደት ያለማቋረጥ ከቀኝ ወደ ግራ፣ ከፊት ወደ ኋላ ይዛወራል። ይህን ሁሉ ኃይል ተቀብሎ መሬቱን የሚይዘው በአራቱ ጎማዎች ሥር ያለው፣ እያንዳንዱ ከእጅ መዳፍ ብዙም የማይበልጥ ስፍራ ብቻ ነው። በሞተሩም ሆነ በአሞርዛቶሩ ላይ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ስለ ጎማና ስለ ቸርኬ ልክ በጥንቃቄ ማሰብ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ብዙ ሰው ዓይኑ የወደደውን ቸርኬ አስቀድሞ ይገዛና የሚስማማውን ጎማ መፈለግ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በእኔ እምነት ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት። መጀመሪያ የውድድሩ ደንብ ምን እንደሚፈቅድ ይታወቅ፤ ቀጥሎ ለዚህ ውድድር የሚሆን ጥሩ ጎማ በየትኛው ልክ እንደሚመረት ይጣራ፤ ከዚያ ለዚያ ጎማ የሚመቸው የቸርኬ ስፋት ይወሰን፤ በመጨረሻም ቸርኬው ከፍሬኑ፣ ከአሞርዛቶሩና ከፓራፋንጎው ጋር ሳይነካካ መግባቱ በልኬት ይረጋገጥ። ቸርኬ ዕድሜ ልኩን አንድ ነው፤ ጎማ ግን በየጊዜው ያልቃል። በገበያ ላይ ጥሩ ጎማ የማይገኝለትን ልክ የመረጠ ሰው ጎማ በቀየረ ቁጥር ያንኑ ስሕተት እንደገና ይከፍልበታል።

ከደንቡ መጀመር

አንዱ መኪና በሁለት የተለያዩ የውድድር ምድቦች ሁለት የተለያዩ ትክክለኛ መልሶች ሊኖሩት ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1944 የተመሠረተው የአሜሪካ የስፖርት መኪና ክለብ በሚያዘጋጀው ሶሎ በተባለው የአውቶክሮስ ውድድር፣ ለፋብሪካ ይዞታቸው ቅርብ የሆኑ መኪኖች በሚወዳደሩበት የስትሪት ምድብ የቸርኬው ስፋት ከፋብሪካ እንደወጣ መቆየት አለበት፤ ቁመቱ፣ ማለትም ዲያሜትሩ፣ ግን በአንድ ኢንች እንዲጨምር ወይም እንዲቀንስ ይፈቀዳል። ጎማውም የድካም መለኪያ ቁጥሩ፣ ማለትም ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያልቅ የሚጠቁመው ትሬድዌር የተባለ ቁጥር፣ ቢያንስ 200 መሆን ይኖርበታል። ሰፊ ቸርኬ የሚፈቀደው ለውጥ በሚበዛባቸው ምድቦች ነው። ሌሎች አዘጋጆች የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው፣ አንባቢው የሚወዳደርበትን ምድብ ደንብ ከዳር እስከ ዳር ሳያነብ አንድም ቸርኬ ባይገዛ ይሻለዋል።

ስለ ድካም መለኪያው ቁጥር አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ቁጥሩን የሚሰጠው ራሱ የጎማው አምራች ነው፤ ስለዚህ ሁለቱም ላይ 200 ተብሎ የተጻፈባቸው ጎማዎች እኩል ይይዛሉ ማለት አይደለም። ብሪጅስቶን ፖቴንዛ አርኢ-71አርኤስ፣ ዮኮሃማ አድቫን ኤ052 እና ፋልከን አዜኒስ አርቲ660 ከአንድ ተራ የመንገድ ጎማ ጋር ሲነጻጸሩ ፈጽሞ የተለዩ ናቸው፤ በመካከላቸውም የመሞቅ ፍጥነታቸውና የማለቅ ጠባያቸው ይለያያል። በአንድ ደቂቃ ዙር ውስጥ ጎማው ለመሞቅ ጊዜ ስለማይኖረው፣ ለዚህ ውድድር የሚፈለገው ከመጀመሪያው መታጠፊያ ጀምሮ የሚይዝ ጎማ ነው። ለረጅም የሩጫ ሜዳ ተብሎ የተሠራ፣ ሲሞቅ ብቻ የሚሠራ ጎማ እዚህ ሳይነቃ ዙሩ ያልቃል።

ቁጥሩን ማንበብና ማስላት

በጎማው ጎን ላይ 225/45አር17 የሚል ጽሑፍ ካለ፣ 225 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ 45 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ምን ያህል በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ አር ፊደሉ የአሠራሩን ዓይነት ያመለክታል፤ 17 ደግሞ የሚገባበት ቸርኬ ዲያሜትር በኢንች ነው። የጎማውን ጠቅላላ ቁመት ለማግኘት 225 በ0.45 ተባዝቶ 101.25 ሚሊ ሜትር ይወጣል፤ ይህ ከላይና ከታች ስላለ በሁለት ሲባዛ 202.5 ይሆናል፤ 17 ኢንች በ25.4 ሲባዛ 431.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ድምሩ 634.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህን ስሌት በእጅ መሥራት መልመድ ይጠቅማል፤ ከዚህ በታች የሚነሳው ነገር ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋልና።

ነገር ግን በጎኑ ላይ የተጻፈው ስፋት መነሻ ብቻ ነው። አምራቾች የጎማውን ስፋት የሚለኩት ለዚያ ልክ በተወሰነ የቸርኬ ስፋት ላይ አስገብተው ነው፤ ቸርኬው በግማሽ ኢንች ሲሰፋ ወይም ሲጠብ የጎማውም ስፋት በ5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ከዚህም በላይ የአንዱ አምራች 225 ከሌላው 235 ጋር ሊተካከል ይችላል። ስለዚህ በጎማው ላይ የተጻፈውን ብቻ ከማመን የአምራቹን ሠንጠረዥ አውጥቶ መሬት የሚነካውን ስፋት፣ እውነተኛውን ዲያሜትርና የጎማውን ክብደት ጎን ለጎን ማየት ይገባል። ሁለት ጎማዎች አንድ ልክ ተጽፎባቸው በእያንዳንዱ ጎማ የአንድ ኪሎ ወይም ከዚያ በላይ የክብደት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል።

በተመሳሳይ ጽሑፍ ላይ ያለው የጭነት ቁጥርም አይዘለል። 84 የሚል ቁጥር ጎማው 500 ኪሎ፣ 91 ደግሞ 615 ኪሎ ይሸከማል ማለት ነው። አዲሱ ጎማ ፋብሪካው ለመኪናው ከመደበው ቁጥር በታች መሆን የለበትም።

የጎማ ስፋትና የቸርኬ ስፋት

ሰፊ ጎማ ለምን እንደሚረዳ በደንብ መረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ የተሳሳተ ምርጫ የሚመጣው ይህን ባለመረዳት ነውና። በጎማው ውስጥ ያለው ንፋስ እኩል እስከሆነ ድረስ ሰፊው ጎማ የሚነካው የመሬት ስፋት ከጠባቡ ብዙም አይበልጥም፤ የሚለወጠው ይበልጡን ቅርጹ ነው፤ የጠባቡ ረዘም ይላል፣ የሰፊው ደግሞ ወደ ጎን ይሰፋል። ሰፊው ግን ጭነቱን በሚበልጥ የላስቲክ ክፍል ላይ ያከፋፍላል፣ ሙቀቱን ይበትናል፣ በዝቅተኛ ንፋስም ለመሥራት ይችላል። ላስቲክ የተጫነው ክብደት በእጥፍ ሲጨምር የመያዝ አቅሙ በእጥፍ አይጨምርም፤ ከዚያ ያንሳል። መኪናው ሲታጠፍ የውጩ ጎማ ከመጠን በላይ ስለሚጫን፣ ከዚህ ጉድለት የሚያድነው ለመጠኑ የበቃ ጎማ ነው።

ይህ ጥቅም የሚገኘው ግን ጎማው በሚመጥነው ቸርኬ ላይ ሲቀመጥ ነው። ሰፊ ጎማ በጠባብ ቸርኬ ላይ ሲገባ ጎኑ ወደ ውስጥ ይጨመቃል፤ አሽከርካሪው መሪውን ሲያዞር ቸርኬው ቀድሞ ይዞራል፣ ጎማው ግን እየተጠማዘዘ ዘግይቶ ይከተላል። በስላሎም ውስጥ፣ መኪናው በየሰከንዱ አቅጣጫውን በሚለውጥበት ስፍራ፣ ይህ መዘግየት በግልጽ ይሰማል። የጎማው ጫፍ ወደ ጎኑ ይንከባለልና ጎማው መሥራት ባልነበረበት ክፍሉ ላይ ይሮጣል። ቸርኬው ሰፋ ሲል ጎኑ ቀጥ ብሎ ስለሚቆም መልሱ ፈጣን ይሆናል፤ የጎማው ፊትም ተዘርግቶ ይቀመጣል።

ለእያንዳንዱ የጎማ ልክ የሚፈቀድ የቸርኬ ስፋት ክልል አለ። ለ205/50አር15 ከ5.5 እስከ 7.5 ኢንች፣ ለ225/45አር15 ከ7 እስከ 8.5፣ ለ225/45አር17 እንዲሁ ከ7 እስከ 8.5፣ ለ245/40አር17 ከ8 እስከ 9.5፣ ለ255/40አር17 ደግሞ ከ8.5 እስከ 10 ኢንች ነው። ደንቡ ለሚፈቅድለት ሰው የምመክረው ወደዚህ ክልል የላይኛው ጫፍ የተጠጋውን ነው፤ ለምሳሌ ለ245/40አር17 ባለ 9 ኢንች ቸርኬ በጣም ተስማሚ ነው። አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ከክልሉ በላይ ግማሽ ኢንች ያክሉበታል፤ 225/45አር15 በ9 ኢንች ቸርኬ ላይ በማዝዳ ኤምኤክስ-5 መኪኖች ላይ የተለመደ ጥምረት ነው። ይሠራል፤ ይሁንና አምራቹ ከፈቀደው መውጣቱን እያወቁ የሚያደርጉት ነው፤ ጎማው ከቸርኬው ጠርዝ እንዳይላቀቅም ንፋሱን በእጅጉ ከመቀነስ መቆጠብ ይገባል።

ቸርኬውን መቀየር በማይፈቀድበት ምድብ ላለ ሰው ነገሩ ሌላ ነው። ባለ 7 ኢንች ቸርኬ ያለው ሰው ደንቡ እስከፈቀደ ድረስ 215፣ 225፣ 235 ወይም 245 ሊያስገባ ይችላል፤ ጥያቄው የቱ ላይ መቆም እንዳለበት ነው። 225 በክልሉ ውስጥ ስለሆነ ንጹሕ መልስ ይሰጣል። ከዚያ በላይ ሲኬድ በረጅም መታጠፊያ የሚገኘው ጥቅም በስላሎም ከሚጠፋው ጋር መመዘን አለበት፤ የጎማውን መጠማዘዝ ለመቀነስም ከወትሮው በላይ ንፋስ መሙላት ያስፈልጋል። እኔ ብሆን በጠባብ ቸርኬ ላይ ከአንድ ደረጃ በላይ አልሰፋም፤ መሪው ላይ እምነት ያጣ አሽከርካሪ ጎማው ከሚሰጠው አቅም ግማሹን እንኳ አይጠቀምበትምና።

ስፋት ወሰን አለው። ሰፊ ጎማና ቸርኬ ይከብዳሉ። አንድ ሺህ ኪሎ አካባቢ በምትመዝን ቀላል መኪና ላይ ከልክ ያለፈ ሰፊ ጎማ በቀዝቃዛ ቀን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሊሞቅ አይችልም። ሰፊ ጎማ ፊቱ በሙሉ መሬት እንዲነካ በመታጠፊያ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቆም ስላለበት ከጠባቡ ይልቅ የተስተካከለ ካምበር፣ ማለትም ከላይ ወደ ውስጥ የማጋደል ልክ፣ ይፈልጋል። በተለይ የፊት እግራቸው ማክፈርሰን በተባለው አሠራር የተሠራ መኪኖች ሲያዘነብሉ ካምበራቸውን ስለሚያጡ፣ ካምበሩ ሳይስተካከል የተጨመረ ስፋት በውጩ ጠርዝ ላይ ብቻ ይሮጣል። ኃይሉ አነስተኛ በሆነ መኪና ላይም የተጨመረው ክብደት ከመታጠፊያ ሲወጣ ይጎትታል።

የዲያሜትሩ ጉዳይ

እዚህ ላይ ምክሬ አጭር ነው፤ ፍሬኑን ሳይነካ የሚገባ ትንሹ ዲያሜትር፣ ጥሩ ጎማ እስከተገኘለት ድረስ፣ ከሁሉ ይመረጣል። ትንሽ ቸርኬ ይቀልላል፤ ጎማውም አብዛኛውን ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። ከመዞሪያው መሐል ርቆ ያለ ክብደት መኪናውን ለማንቀሳቀስ ብቻ ሳይሆን ራሱን ለማሽከርከርም ኃይል ይጠይቃል፤ በጎማው ፊት ላይ ያለ አንድ ኪሎ መኪናው ሲፈጥን በውስጡ ከተጫነ ሁለት ኪሎ ጋር ይቀራረባል። ከሞላው በታች ያለ ክብደት መሆኑም ጎማው በጎርባጣ አስፋልት ላይ መሬቱን ተከትሎ እንዳይሄድ ያከብደዋል።

ከክብደቱ ሌላ ጎማው ከማርሹ ጋር ያለው ዝምድና አለ። ሁለተኛ ማርሹና ዲፈረንሻሉ በአንድነት 8.2 ለ1 የሚያባዙ፣ ሞተሩም በደቂቃ እስከ 7000 ዙር የሚሽከረከር መኪና እናስብ። ዲያሜትሩ 625.3 ሚሊ ሜትር በሆነ 215/45አር17 ጎማ ይህ መኪና በሁለተኛ ማርሽ በስሌት እስከ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይደርሳል። ዲያሜትሩ 586 ሚሊ ሜትር በሆነ 205/50አር15 ግን የሚደርሰው እስከ 94 ብቻ ነው። በጭነት ሥር ጎማው ትንሽ ስለሚጠፈጠፍ እውነተኛው ቁጥር ከሁለቱም በጥቂቱ ያንሳል። በሌላ በኩል በትንሹ ጎማ መሬት ላይ የሚደርሰው የመግፋት ኃይል በ6.7 በመቶ ይጨምራል፤ ይህ ሞተሩ ሳይነካ የተገኘ ኃይል ነው። እንግዲህ መለኪያው የሚወዳደሩበት ሜዳ ነው። በሜዳው ላይ የሚደረስበት ከፍተኛ ፍጥነት ከ90 በታች ከሆነ ትንሹ ጎማ በንጹሕ ያሸንፋል፤ ሜዳው ሰፊ ሆኖ በየዙሩ 98 የሚደረስበት ከሆነ ግን አሽከርካሪው ለሁለት ሰከንድ ያህል ብቻ ሦስተኛ ማርሽ ለማስገባት ይገደዳል፤ ሁለቴ ማርሽ በመቀየር የሚጠፋው ጊዜ የተገኘውን ትርፍ ሊበላው ይችላል። ይህን ስሌት በራስዎ መኪና የማርሽ ቁጥሮች መሥራት አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

የጎማው አቅርቦት ነገር ከዚህ ጋር ይያያዛል። በ15 ኢንች ለቀላል የስፖርት መኪኖች፣ በ17 እና በ18 ኢንች ደግሞ ለመካከለኛዎቹና ለከባዶቹ ፈጣን ጎማዎች በብዛት ይመረታሉ። በ16 ኢንች ምርጫው በጣም ይሳሳል፤ በ14 ከዚያም ያነሰ ነው። ባለ 16 ኢንች ቸርኬ መኪና ያለው ሰው ደንቡ ከፈቀደለት አንድ ኢንች ወርዶ ወይም ወጥቶ የተሻለ ጎማ የሚያገኝበት ሁኔታ ብዙ ነው። መውረድ የሚቻለው ግን ቸርኬው የፍሬኑን ካሊፐር፣ ማለትም ዲስኩን የሚነክሰውን ክፍል፣ ሳይነካ ካለፈ ብቻ ነው። ዲያሜትሩ እኩል የሆነ ሁለት ቸርኬ እንኳ ከመሐል ወደ ጠርዝ የሚዘረጉት እግሮቹ ቅርጻቸው ስለሚለያይ አንዱ አልፎ ሌላው ሊነካ ይችላል፤ የቸርኬው አምራች የካሊፐር ልኬት ሥዕል ካወጣ በወፍራም ካርቶን ላይ ቆርጦ በፍሬኑ ላይ ማስጠጋት አስተማማኝ መንገድ ነው።

ፊትና ኋላ

ብዙ ባለ ኋላ ነጂ የስፖርት መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡ የኋላ ጎማቸው ከፊቱ ይሰፋል። ሆንዳ ኤስ2000 በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በፊት 205/55አር16 በ6.5 ኢንች፣ በኋላ 225/50አር16 በ7.5 ኢንች ቸርኬ ይዞ ነበር የሚወጣው። ፋብሪካዎች እንዲህ የሚያደርጉት አንዱ ምክንያት ልምድ የሌለው አሽከርካሪ ሲሳሳት የኋላው ከመንሸራተቱ በፊት ፊቱ ወደ ውጭ እንዲገፋ ነው። በመንገድ ላይ ይህ ደኅንነት ነው፤ በኮኖች መካከል ግን የፊቱ መግፋት ትልቁ የጊዜ ሌባ ነው። ስለዚህ ደንቡ ከፈቀደ አራቱንም ጎማ እኩል ማድረግ፣ ለምሳሌ በኤስ2000 ላይ 255/40አር17 በባለ 9 ኢንች ቸርኬ ማስገባት፣ የተለመደ ነው። አራቱ እኩል ሲሆኑ ፊቱን ወደ ኋላ፣ ኋላውን ወደ ፊት እያዛወሩ እኩል እንዲያልቁ ማድረግም ይቻላል።

ሆኖም ይህ ለውጥ የመኪናውን ጠባይ ይቀይራል። ፊቱ በድንገት አጥብቆ ሲይዝ ኋላው ከበፊቱ ይልቅ በቀላሉ ይንሸራተታል፤ ስታቢላይዘሩ፣ ማለትም መኪናው ወደ ጎን እንዳያዘነብል የሚይዘው ብረት፣ እና የአሞርዛቶሩ ማስተካከያ አብሮ መታየት አለበት። ኃይለኛ ሞተር ያለው ኋላ ነጂ መኪና ከመታጠፊያ ሲወጣ ኃይሉን መሬት ላይ ለማሳረፍ ሰፊ የኋላ ጎማ ሊፈልግ ይችላልና ለእርሱ ልዩነቱን ማጥበብ እንጂ ፈጽሞ ማጥፋት ላያስፈልግ ይችላል። ፊት ነጂ መኪና በተቃራኒው ሥራውን ሁሉ የሚሠራው በፊት ጎማው ነው፤ የተገኘው ስፋት ሁሉ መጀመሪያ ለፊቱ ይሁን። በአራቱም ጎማ የሚነዳ መኪና ግን የአራቱ ጎማዎች ዲያሜትር እኩል መሆን አለበት፤ አለበለዚያ መካከለኛው ዲፈረንሻል ያለማቋረጥ እየሠራ ይጎዳል። በማንኛውም መኪና ላይ ቢሆን በፊትና በኋላ ዲያሜትር መካከል ያለው ዝምድና ከፋብሪካው በብዙ ከራቀ የኤቢኤስና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ሥርዓት ሊሳሳት ይችላል።

ኦፍሴት

ሰው ሁሉ የሚፈራው ክፍል ይህ ነው፤ ነገሩ ግን መደመርና መቀነስ ብቻ ነው። ኦፍሴት ማለት ቸርኬው ከሞዞው፣ ማለትም ከሚታሰርበት የመዞሪያ ክፍል፣ ጋር የሚገናኝበት ፊት ከቸርኬው ስፋት መካከል በስንት ሚሊ ሜትር እንደራቀ የሚናገር ቁጥር ነው። ቁጥሩ ፖዘቲቭ ሲሆን መገናኛው ፊት ከመካከሉ ወደ ውጭ ያደላል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ሲበዛ ቸርኬው ወደ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ። የመጀመሪያው ትውልድ ቶዮታ 86 ከፋብሪካ ይወጣ የነበረው 17 በ7 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 48 በሆነ ቸርኬ ነው። በምትኩ 17 በ9 ኢንች፣ ኦፍሴቱ 42 የሆነ ቸርኬ ሊገባበት ታስቧል። ባለ 7 ኢንቹ ቸርኬ ስፋቱ 177.8 ሚሊ ሜትር፣ ግማሹ 88.9 ነው፤ ከዚህ 48 ሲቀነስ ከሞዞው ወደ ውጭ 40.9፣ 48 ሲደመር ወደ ውስጥ 136.9 ሚሊ ሜትር ይይዛል። ባለ 9 ኢንቹ ስፋቱ 228.6፣ ግማሹ 114.3 ነው፤ በ42 ኦፍሴት ወደ ውጭ 72.3፣ ወደ ውስጥ 156.3 ይይዛል። እንግዲህ አዲሱ ቸርኬ ከድሮው ወደ ውጭ በ31.4፣ ወደ ውስጥ በ19.4 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። አሁን የሚቀረው መኪናው ላይ ሄዶ ከድሮው ቸርኬ እስከ አሞርዛቶሩ ድረስ 19.4፣ እስከ ፓራፋንጎው ድረስ ደግሞ 31.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖሩን ማየት ነው። የጎማው ሆድ ከቸርኬው ጠርዝ አልፎ ሊወጣ ስለሚችል፣ ክፍተቱ ከጎማውም ጋር መለካት አለበት።

ቸርኬው ወደ ውጭ ሲወጣ የግራና የቀኝ ጎማ ርቀት ይሰፋል፤ ይህ ራሱ ጥቅም አለው። 1100 ኪሎ የሚመዝን፣ የክብደት መሐሉ ከመሬት 48 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ፣ የጎማ ርቀቱ 145 ሳንቲ ሜትር የሆነ መኪና በአንድ ጂ፣ ማለትም ከራሱ ክብደት ጋር በሚተካከል የጎን ኃይል፣ ሲታጠፍ ወደ 364 ኪሎ ያህል ከውስጡ ጎማዎች ወደ ውጩ ይዛወራል። ርቀቱ 151 ሲሆን የሚዛወረው ወደ 350 ይወርዳል። በዚያው ልክ ግን የመኪናው መሐል ከእያንዳንዱ ኮን 3 ሳንቲ ሜትር ርቆ ማለፍ ይኖርበታል፤ ከላይ በጠቀስኩት ክለብ ደንብ አንድ ኮን መግጨት 2 ሰከንድ ያስቀጣል። ከዚህም ሌላ ኦፍሴቱ በብዙ ሲቀንስ መሪው ይከብዳል፣ እያንዳንዱን ጉብታም ወደ እጅ ያስተላልፋል፤ በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫናም ይጨምራል። ስለዚህ የውስጡን ክፍተት በመጀመሪያ ተጠቅሞ ቀሪውን ብቻ ወደ ውጭ ማውጣት ሚዛናዊ መንገድ ይመስለኛል።

የቡሎን አቀማመጡ፣ ማለትም የቡሎኑ ብዛትና የተደረደረበት ክብ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር፣ መስማማት አለበት፤ 4 በ100፣ 5 በ100 እና 5 በ114.3 የተለያዩ ናቸው፣ 5 በ100 የሆነው ሞዞ 5 በ114.3 የሆነ ቸርኬ በቀጥታ አይቀበልም። የቸርኬው መሐል ቀዳዳ ከሞዞው ከሰፋ ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ይገባል። የዳዶው መቀመጫም ይታይ፤ የሆንዳ የፋብሪካ ቸርኬ ክብ መቀመጫ ያለው ሲሆን ከፋብሪካ ውጭ የሚሠሩ አብዛኞቹ ቸርኬዎች ግን ሾጣጣ መቀመጫ ስላላቸው የድሮው ዳዶ አያገለግልም። በሞዞውና በቸርኬው መካከል ስፔሰር የተባለው ማራቂያ ከገባ ዳዶው በቡሎኑ ላይ ቢያንስ የቡሎኑን ውፍረት ያህል መንከስ አለበት፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ቡሎን፣ የጥርሱ ርቀት 1.5 ከሆነ፣ ይህ 8 ሙሉ ዙር ማለት ነው።

ከመግዛት በፊት፣ ከገጠሙም በኋላ

ስሌቱ ተስማማ ብሎ መክፈል አይበቃም። መኪናው በክሪክ ተነሥቶ በማቆሚያ ላይ በጥንቃቄ ይቀመጥ፤ ከተቻለ ሞላው ይውጣ፤ ከዚያ ሌላ ክሪክ ከሞዞው በታች ተደርጎ እግሩ ወደ ላይ መውጣቱን የሚያስቆመውን ላስቲክ እስኪነካ ድረስ ከፍ ይበል፤ መሪው ወደ ቀኝም ወደ ግራም እስከ መጨረሻው ይዙር። በእያንዳንዱ ደረጃ በጎማውና በአሞርዛቶሩ፣ በጎማውና በፓራፋንጎው፣ በጎማውና በፕላስቲኩ ሽፋን መካከል ያለው ይለካ። በአሞርዛቶሩ በኩል 5 ሚሊ ሜትር ከተረፈ እረጋጋለሁ፤ በፓራፋንጎው በኩል ግን ጎማው በመታጠፊያ ውስጥ ወደ ጎን ስለሚለመጥ ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ካምበሩን አስቀድሞ ማስተካከል እዚህ ሁለት ጊዜ ይጠቅማል፤ የጎማውን የላይኛውን ጠርዝ ከፓራፋንጎው ሥር ያስገባዋል፣ ለሰፊው ጎማም የሚያስፈልገውን ማጋደል ይሰጠዋል።

ጎማው ከገጠመ በኋላ ዳዶዎቹ በአምራቹ በተወሰነው ልክ በመለኪያ ቁልፍ ይጥበቁ፤ ከተወሰነ ጉዞ በኋላም እንደገና ይረጋገጡ። ንፋሱ ከፋብሪካው ምክር ተነሥቶ በ0.1 ባር እየተለወጠ ይሞከር። ከእያንዳንዱ ዙር በፊት ከጎማው ፊት ጠርዝ እስከ ጎኑ ድረስ በጠመኔ መስመር ይሠመር፤ በብዙ ጎማዎች ጠርዝ አጠገብ ትንሽ የሦስት ማዕዘን ምልክት አለ። ጠመኔው ከምልክቱ አልፎ ወደ ጎኑ ከጠፋ ጎማው እየተንከባለለ ነውና ንፋስ ይጨመር፤ መጥፋቱ ምልክቱ ጋ ሳይደርስ ርቆ ከቆመ ይቀነስ። በተለይ ጠባብ ቸርኬ ላይ ሰፊ ጎማ ያስገባ ሰው ይህን ሳያደርግ አንድም ዙር ባይሮጥ ይመረጣል።

ከመጀመሪያው ውድድር በኋላ መኪናው ይነሣና የጎማው የውስጥ ጎን፣ አሞርዛቶሩና የፓራፋንጎው ውስጥ በመብራት ይታይ፤ የተወለወለ የሚመስል የሚያብረቀርቅ ስፍራ ካለ እዚያ ተነካክቷል። የጎማው ፊትም ይዳሰስ። የውጩ ጠርዝ ብቻ ተበልቶ መካከሉና ውስጡ እንደ አዲስ ከቆዩ፣ ቀጣዩ ወጪ የሚሆነው ለካምበር እንጂ ለሚበልጥ ስፋት አይደለም።